ስኪመሬ አረፋ እምቢ ያለኝ ሰሞን

የጨው ውሃ ዓሣ የማረባበት ታንኬ 75 ጋሎን ነው፤ ወደ 284 ሊትር መሆኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምኖርበት አፓርታማ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ቢጫ ታንግና ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች አሉበት። ይኸው 14 ወር ሆነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፕሮቲን ስኪመሬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንገላታኝ። አዲስ ልገዛ ገንዘብ ከቆጠብኩ በኋላ ነው ጥፋቱ የዕቃው እንዳልሆነ የገባኝ።

ገና ለምትጀምሩ ባጭሩ ላስረዳ። ስኪመር አየርና የጨው ውሃ አደባልቆ በጣም ደቃቅ አረፋ ይሠራል። ከምግብ ትርፍራፊና ከዓሣው ቆሻሻ የሚሟሟው ፕሮቲንና ቅባት አረፋው ላይ ይጣበቃል። አረፋው በአንገቱ በኩል ወደ ላይ ይወጣና ኩባያው ውስጥ ይፈሳል። ዋናው ጥቅሙ ቆሻሻው ፈርሶ ናይትሬት ከመሆኑ በፊት ማውጣቱ ነው። አንዴ ናይትሬት ከሆነ ስኪመር አያነሳውም። ጨው በሌለው ውሃ ደግሞ አረፋዎቹ ቶሎ እየተዋሃዱ ስለሚተልቁ ዘዴው እምብዛም አይሠራም።

የኔን ያገለገለ ነው የገዛሁት። መጀመሪያ ላይ በየሦስት ቀኑ ጥቁር ሻይ የመሰለ ውሃ ከኩባያው እደፋ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጠዋት ደህና የነበረው አረፋ ማታ ከሥራ ስመለስ አንገቱ ላይ እንኳ አይደርስም። ሌላ ቀን ደግሞ ሌሊት እንደ ወተት ገንፍሎ ኩባያውን በንጹሕ ውሃ ሞልቶት አገኛለሁ።

የጨውን መጠን በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም በጨው መለኪያዬ፣ ለካሁ፤ 1.025፣ ምንም አልጎደለውም። ቀጥሎ እጄን ጠረጠርኩ። ቅባት ተቀብቶ ታንክ ውስጥ እጅ መክተት አረፋን ለሰዓታት እንደሚገድል ታውቃላችሁ። ዘይት ያለው ምግብም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሳምንት ሁለቱንም ተጠነቀቅሁ። ለውጥ የለም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ እቤት ነበርኩና ሳምፑን፣ ማለትም ከታንኩ ሥር ያለውን የውሃ ሳጥን፣ በማስመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ለካሁት። መልሱ እዚያ ነበር። ክረምት ነው፤ ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል፤ አየሩ ደርቋል። ውሃው ከበጋው በጣም በፈጠነ ሁኔታ ይተናል። ታንኩ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ይመስላል፤ የሚጎድለው ውሃን ወደ ላይ የሚመልሰው ፓምፕ ያለበት የሳምፑ ክፍል ነው። ስኪመሬን ያስቀመጥኩት ደግሞ እዚያው ነበር። የኔ ስኪመር ከ20 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ መቆም አለበት። ማታ ላይ 16 ደርሶ አገኘሁት። እኔ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት የተነነውን በጆግ አንዴ እሞላለሁ። ያኔ ውሃው ከ23 በላይ ይወጣል፤ ስኪመሩም ሌሊቱን ይገነፍላል። ሁለቱም ችግር አንድ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ስኪመሩን ከታንኩ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ወደሚገባበት ክፍል አዛወርኩት። እዚያ መከፋፈያው መስታወት ከፍታውን ስለሚይዘው ውሃው አይወርድም። ጥልቀቱ ትንሽ ስለበዛ ከሥሩ የአክሪሊክ ቁራጭ አነጠፍኩለት። በቆጠብኩት ገንዘብ ደግሞ የተነነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያ ገዛሁ። ለኔ ይህ ከአዲስ ስኪመር ይበልጣል።

አረፋው ተረጋጋ፤ ግን አሁንም ሳሳ ያለ ነበር። የአየር ቱቦውን ጫፍ በጣቴ ስደፍነው መሳቡ አይሰማኝም። ፈታሁት። አየር የሚገባባት ቀዳዳ በደረቀ ጨው ልትዘጋ ምንም አልቀራትም። ሙቅ ውሃ አፈሰስኩባት። ፓምፑንና መዘውሩን አቼቶና ውሃ እኩል ደባልቄ አሳደርኳቸው፤ ነጩ የካልሲየም ቅርፊት ለቀቀ። አጥቤ ስመልሰው የስኪመሩ ሆድ በደቃቅ አረፋ ተሞልቶ ወተት መሰለ። አሁን ቀዳዳዋን በየሁለት ሳምንቱ፣ ፓምፑን በየሦስት ወሩ አጸዳለሁ። ከጽዳት በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡት። አዲስ ከሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ቫልቩን፣ ማለትም የአረፋውን ከፍታ ማስተካከያ፣ ደጋግሞ መነካካት ነገር ያበላሻል።

ኮራል በኢፖክሲ ሙጫ ስታጣብቁም ስኪመሩ ይገነፍላል፤ አትደንግጡ። ኩባያውን ከፍ አድርጉና ተዉት፤ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም ነበር። ለገና እንግዶች መጡ። መስኮት ዝግ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ አመሸን። በማግስቱ ጠዋት የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) 7.8 ሆነ፤ በዚያ ሰዓት የለመድኩት 8.1 ነው። ስኪመር የሚስበው የቤቱን አየር ነው። የሰው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድም፣ የዕጣኑ ጭስም በዚያች ቱቦ ወደ ውሃው ይገባሉ። አሁን ቱቦዋን አስረዝሜ በመስኮቱ ጠርዝ ወደ ውጭ አውጥቻታለሁ። በሳምንቱ የጠዋቱ ፒኤች 8.2 ደረሰ። የኛ ሰው ቤት ዕጣን አይጠፋምና ይህን ልብ በሉት።

ስለ ምርጫ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ካርቶኑ ላይ «እስከ 150 ጋሎን» የሚለውን ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ያለበትን ታንክ ታስቦ ነው። ዓሣችሁ ብዙ ከሆነ ከፍ ያለ ያዙ። ግን እጅግ ትልቅም አይሁን፤ ቆሻሻው ካነሰ አረፋው መቆም ያቅተዋል። በሰዓት ስንት ሊትር አየር እንደሚስብ ተመልከቱ። ከሁሉ በፊት ግን ካቢኔታችሁን ለኩ። አንድ ጓደኛዬ የገዛው ስኪመር ልክክ ብሎ ገባለት፤ ኩባያውን ወደ ላይ አንስቶ ለማውጣት ግን ቦታ አጣ። ሳምፕ ለሌለው ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለው አለ። እሱ ከገነፈለ ወለል ላይ ሊፈስ ስለሚችል እቤት በማትኖሩበት ቀን አትጀምሩት። ታንካችሁ ከ20 ጋሎን ካነሰ እኔ ስኪመር አልገዛም ነበር፤ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውሃ መቀየር ይበቃል።

አሁን ኩባያው እንደገና በየሦስት ቀኑ ይሞላል። የቀረኝ ድምፁ ነው፤ ቱቦዋን ካስረዘምኩ ወዲህ አየሩ ሲሳብ ያፏጫል። ሰፋ ያለ ቱቦ ልሞክር ነው። ከናንተ የሞከረ ካለ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተሳካለት ይንገረኝ።