ለአረጋውያን የትዝታ ማኅበር ስትጀምሩ ቅጹን ከበር መልሱት

በደብረ ማርቆስ፣ ልጆቻቸው ርቀውባቸው ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያንን ሰብስበን፣ እጃቸው እየሠራ ያለፈ ዘመናቸውን እንዲያወጉ ማድረግ ከጀመርን ቆይተናል። ይህን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ስንደዶ፣ አለላና ወስፌ ከገበያ ተገዛ፤ ጥጥና እንዝርት እናቶቹ ከቤታቸው ይዘው መጡ፤ ቡናውን ጎረቤት አፈላ። ስንደዶው ውኃ ነክቶት ሽታው ሲነሣ ወጉ ራሱ ይጀምራል።

ያስመረረኝ አዳራሹ ነው። የፈቀደልን መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ቀኑን ወር በገባ በ21 አደረገው። የጎጃም እናት በማርያም ቀን ወስፌ ትይዛለች ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ከየት እንደተገኘ እስካሁን አይገባኝም። ቀኑን አስለወጥን። ቀጥሎ ባለሙያው ቅጽ ይዞ መጣ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል?» እያለ በየተራ ጠየቀ። ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ጎረቤት እየሰማ ለማያውቁት ወጣት ሌላ ምን ይበሉ? እሱም በየስማቸው ትይዩ ዜሮ ጻፈ።

ከዚያ አንዲት እናት በልጅነታቸው ወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩት የነበረውን ጀመሩ። መጁን የሚገፉ ይመስል ትከሻቸው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይላል። ግጥሙ ወደ ሟች ወንድማቸው ሲዞር እንባቸው ወረደ፤ ሌሎቹም ስፌታቸውን ሳያቆሙ ተቀበሏቸው። ባለሙያው ብድግ ብሎ፣ «መመሪያው ደስ የሚሉ ትዝታዎች ብቻ ነው የሚለው፤ እባክዎ ሌላ ያጫውቱን» አለ። ስፌታቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። ቤታቸው ሄጄ ስለምናቸው፣ «ልጄ፣ ሐዘንሽን ደጅ አስቀምጠሽ ግቢ ካላችሁኝ ከእኔ ምን ይገባል?» አሉኝ። ይባስ ብሎ፣ በዚያ የዜሮ ቅጽ «ችግር አልታየም» ተባለና አዳራሹ ለስብሰባ ተወሰደ።

ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አረጋዊ ያለፈ ሕይወቱን መላልሶ ማሰቡ ተፈጥሯዊ ነው፤ የመጃጀት ምልክት አይደለም። ባለፈ ሕይወት ውስጥ ደግሞ የሞተ ወንድም አለ። ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ እንጉርጉሮ አታቋርጡ። ሊያስደነግጣችሁ የሚገባው እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለው፣ «ሞቴን እመኛለሁ» የሚለው ሰው ነው፤ እሱን ውሎ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስፌት ሕክምናን አይተካም።

ወንዶቹን ስለ ስሜታቸው ጠይቃችሁ አትጀምሩ። «የመጀመሪያው በሬዎ ስሙ ማን ነበር?» በሏቸው። ከበሬው ወደ እርሻው፣ ከእርሻው ወደ ቀረርቶው ራሳቸው ይሄዳሉ።

አሁን የምንሰበሰበው ከእናቶቹ በአንዷ ግቢ ነው፤ ያቺ ያንጎራጎሩት እናትም ተመልሰዋል። መሥሪያ ቤቱ ለሪፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ልኮ ነበር። አላስገባሁትም።