ብርሃኑ ቀድሞ፣ ድምፁ ዘግይቶ

የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። እኔ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጫለሁ፤ ጋሼ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልደረባዬ፣ ግቢውን ይዞራሉ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ቀን መሰለ። የዛፎቹ ጥላ መሬቱ ላይ ዞረ። ቀና ስል አረንጓዴ ያዘለ ነጭ የእሳት ኳስ ብርቱካናማ ፍንጣሪ እየጣለ ቁልቁል ይምዘገዘጋል። አራት ወይም አምስት ሰከንድ ቢቆይ ነው። ድምፅ የሚባል የለም። እንደዚያ ያለ ውበት በሕይወቴ አላየሁም። ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ቀረሁ።

ጋሼ እየሮጡ ገቡ። «አየህ ልጄ?»

«አየሁ ጋሼ!»

ወሬ ይዘን፣ ብርሃኑን እንኳ ረስተነው፣ ድንገት ድው! መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ በሩ ተንጓጓ። የፓምፕ ክፍሉ የፈነዳ መሰለኝ። ምንም ሳላጣራ የአደጋ ማቆሚያውን ተጫንኩ። ሁሉም ፓምፖች ባንዴ ቆሙ። እንዲህ ሲቆሙ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ኃይለኛ የግፊት ንዝረት ይፈጠራል። አንድ መጋጠሚያ ማፍሰስ ጀመረ። የፓምፕ ክፍሉ ግን ደህና ነበር።

ጠዋት ኃላፊያችን አልተቆጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «በብርሃኑና በድምፁ መካከል ስንት ደቂቃ ነበር?»

ጋሼ ሁለት አሉ። እኔ አምስት። ፓምፖቹ የቆሙበት ሰዓት በመሣሪያው እስከ ሰከንዱ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ የድምፁ ሰዓት ታወቀ ማለት ነው። የብርሃኑን ግን ማን ይናገር? የተረኛ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት «ሌሊት ትልቅ ብርሃን ታየ» ብቻ ነው።

ኃላፊያችን ነገሩን አስረዱኝ። ከጠፈር የገባው ድንጋይ ፊት ለፊቱ ያለውን አየር በኃይል ስለሚጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ድንጋዩም ግሎ ያበራል። ይህ የሚሆነው በአስር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ከዘገየ፣ ፍንዳታው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሰዓቱን ይዘን ቢሆን ኖሮ ርቀቱን እናውቅ ነበር። ጋሼ ግን አቅጣጫውን አልረሱትም። የቆሙበት ቦታ ድረስ ወስደውን፣ ከውሃ ታንከሩ ጫፍ ተነስቶ ከአንቴናው በስተግራ እንደጠፋ በጣታቸው አሳዩን። ከሌላ ቦታ ያየ ሰው ቃል ቢጨመርበት መንገዱን ማስላት ይቻላል።

ከዚያ ስለ ቼልያቢንስክ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያች የሩሲያ ከተማ አካባቢ 20 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ድንጋይ አየር ላይ ፈነዳ። ወደ 1,500 የሚጠጋ ሰው ተጎዳ፤ አብዛኛውን ያቆሰለው የተሰባበረ መስታወት ነው። ብርሃኑን ሊያዩ መስኮት ጋ የሄዱ ነበሩ። የአየር ግፊቱ የደረሰው ከደቂቃዎች በኋላ ነው።

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኔም ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ነበር።

አዲስ ተረኛ ሲመጣ ያንን የመዝገብ ገጽ ገልጬ አሳየዋለሁ። የሰዓቱ ዓምድ ባዶ ነው።