የእማዬን ክፍል እንዴት እንዳሞቅኩት

የምንኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ከሚኒያፖሊስ ትንሽ ወጣ ብሎ። የዚህን አገር ብርድ ለማያውቅ ሰው አንድ ቁጥር ልናገር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሳ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን በየዓመቱ አይመጣም። ከዜሮ በታች 20 ግን እዚህ ብዙም አያስገርምም።

ቤታችን ሳሎንና ኩሽናው ታች፣ መኝታ ክፍሎቹ ላይ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ቤዝመንት ያለው ነው። የሚሞቀው በጋዝ ፈርነስ ነው። ፈርነሱ ቤዝመንት ውስጥ ሆኖ አየሩን ያሞቅና በቆርቆሮ ቱቦዎች፣ በዳክት ማለት ነው፣ ወደየክፍሉ ይነፋዋል። ችግራችን ክፍሎቹ እኩል አለመሞቃቸው ነበር። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ረግጠው ይተኛሉ። የእማዬ ክፍል ግን ከጋራዡ በላይ ነው። ጋቢ በጋቢ ደርባም ይበርዳታል። ቴርሞስታቱን፣ የቤቱን ሙቀት የምንወስንበትን ማለት ነው፣ ከፍ ስናደርግ ልጆቹ ያልባቸዋል፣ የጋዝ ሒሳቡ ይጨምራል፣ የእሷ እግር ያው እንደቀዘቀዘ ነው።

የጠራነው ባለሙያ ብዙም ሳያይ «ፈርነሱ አንሷችኋል፣ በትልቅ ቀይሩት» አለን። አልተቀበልኩትም። ፈርነሱ አንሶን ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሙሉ ይቀዘቅዝ ነበር፣ እሱም ሳያቋርጥ ይሠራ ነበር። የእኛ ሳሎን 70 ፋራናይት (21 ሴንቲግሬድ) ሲደርስ ፈርነሱ ይጠፋል። ስለዚህ ሙቀቱ አለ። ችግሩ የማይደርስበት ቦታ መኖሩ ነው። እዚህ ላይ ሰው እንዳይታለል አጥብቄ እመክራለሁ። መጀመሪያ አየሩ በየት ሄዶ በየት እንደሚመለስ ሳያይ «ቀይሩ» የሚላችሁን ሰው ሌላ ሰው ሳትጠይቁ አትመኑት።

ርካሽ ቴርሞሜትሮች ገዝቼ በየክፍሉ አስቀመጥኩ። ጠዋት ፀሐይ ሳትገባ፣ ማታ ደግሞ ከመተኛታችን በፊት እያየሁ ጻፍኩ። የልጆቹ ክፍል 74፣ የእማዬ 60 ፋራናይት። 60 ማለት ወደ 16 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ መዝገብ በጣም ጠቅሞኛል። ከዚያ በኋላ የነካሁት ነገር ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን በስሜት ሳይሆን በቁጥር አየሁት።

ወደ ፈርነሱ የሚገባውን አየር ከሚያጣራው ፊልተር ጀመርኩ። ቆሻሻ ፊልተር አየር ያፍናል፣ መጀመሪያ የሚጎዳውም ከፈርነሱ የራቀው ክፍል ነው። ሲገዙም ትልቁን ቁጥር መምረጥ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ፊልተር አቧራ የመያዝ አቅሙ የሚለካው «ሜርቭ» በሚባል ቁጥር ነው። ሜርቭ 13 አቧራ በደንብ ይይዛል፣ ግን ለእሱ ያልተሠራን አሮጌ ፈርነስ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። እኔ ሜርቭ 8 ነው የማስገባው። ከሶፋና ከምንጣፍ ሥር የተሸፈኑትን ቬንቶችም፣ አየሩ ወደ ክፍል የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ማለት ነው፣ ከፈትኩ።

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ግን በሩ ላይ ነው። እማዬ ሙቀቱ እንዳይወጣባት በሯን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። አገር ቤት በር የሚዘጋው ንፋስ እንዳይገባ ነው፣ ልክም ነው። በዳክት የሚሞቅ ቤት ግን ሌላ ነው። ፈርነሱ የነፋውን ያህል አየር መልሶ መሳብ አለበት። የእሷ ክፍል መመለሻ ቬንት የለውም። አየሩ የሚመለሰው ኮሪደሩ ላይ ባለው ነው። በሩ ከተዘጋና ከሥሩ ክፍተት ከሌለ ክፍሉ በአየር ይሞላል፣ አዲስ ሙቅ አየር ደግሞ መግቢያ ያጣል።

«ልጄ፣ በር ተከፍቶ ቤት ይሞቃል እንዴ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ነይ እይው» ብዬ አንድ ሶፍት ቬንቱ ላይ ያዝኩላት። በሩ ሲከፈት ሶፍቱ ይርገበገባል። ሲዘጋ ወደ ታች ይወድቃል። ደጋግማ በሩን ራሷ ከፍታ ዘግታ አየችው። በሩን ክፍት አድርጋ መተኛት ግን አልፈለገችም፣ የምትጸልየውም ዘግታ ነው። ስለዚህ በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ ሥሩን ሁለት ሴንቲሜትር ያህል በመጋዝ ቆረጥኩት። አሁን ተዘግቶም አየሩ ከሥር ይወጣል። በዚህ ብቻ ክፍሏ ወደ 63 ወጣ።

ቀጥሎ ቤዝመንት ወረድኩ። ከዋናው ዳክት ወደየክፍሉ የሚሄዱት ቱቦዎች ላይ ትንሽ እጀታ አለች፣ ዳምፐር ይሏታል። እጀታዋ ከቱቦው ጋር አንድ አቅጣጫ ከሆነች ክፍት ነው፣ ከተሻገረችው ዝግ። የልጆቹን ክፍልና የሳሎኑን በጥቂቱ ጠበብ አደረግኩ፣ የእማዬን ሙሉ ለሙሉ ከፈትኩ። አንዱን ነክቶ ቢያንስ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ክፍል ጨርሶ መዝጋት ግን አይመከርም። በዳክቱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ አየሩም በየመገጣጠሚያው መሹለክ ይጀምራል።

መሹለክ ካልኩ፣ ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም እንደሚለው በተለመደ ቤት ዳክት ውስጥ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በቀዳዳና ባልተገጠመ ቦታ ይባክናል። ወደ እማዬ ክፍል የሚሄደው ቱቦ አንዱ መገጣጠሚያው ላይ ተላቆ ነበር። እጄን ሳስጠጋ ሙቁ አየር ቤዝመንቱን ያሞቃል! በብሎን አጥብቄ እንደ ስቱኮ በሚቀባ ማስቲክ ደፈንኩት። ሌሎቹን በአልሙኒየም ናስትሮ ጠቀለልኩ። «ዳክት ቴፕ» እየተባለ የሚሸጠው የጨርቅ ናስትሮ ለዚህ አይሆንም። ሙቀት ሲደጋገምበት ሙጫው ደርቆ ይላቀቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የወለሉ ቅዝቃዜ አለቀቀም። ንፋስ የሚገባበትን ለማግኘት የተጠቀምኩት ከቡናው ረከቦት አጠገብ የማይጠፋውን ዕጣን ነው። ንፋስ ባለበት ቀን የኩሽናውንና የመታጠቢያ ቤቱን የአየር መሳቢያ ከፈትኩ፣ ይህ ቤቱ አየር ከውጭ እንዲስብ ያደርገዋል። ከዚያ ጭሱን በየጥጉ ይዤ ዞርኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተጣመመ እዚያ ቀዳዳ አለ። በእማዬ ክፍል ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት በኩል ጭሱ ወደ ውስጥ ይተኛ ነበር። አየሩ የሚመጣው ከጋራዡ ነው። ይህ ደግሞ ከብርድም በላይ ያሳስባል። የመኪና ጭስም በዚያው መንገድ ይመጣልና።

ስንጥቆቹን በሲሊኮን ዘጋሁ። በጋራዡ ጣሪያና በእማዬ ወለል መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን ከአቅሜ በላይ ስለነበር ሰው ቀጠርኩ። ሠራተኞቹ ከጋራዡ በኩል ቀዳዳ እየበሱ ከወረቀት የሚሠራውን ሴሉሎስ ኢንሱሌሽን፣ ብርድ እንዳያልፍ የሚያግደውን ማለት ነው፣ ነፍተው ሞሉት። ከሁሉም ወጪ ትልቁ ይህ ነበር። ቢሆንም የአዲሱን ፈርነስ ዋጋ ሩብ አልደረሰም። እማዬ በማግስቱ ካልሲዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ስትቆም ሳይ ያወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ተረሳኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ክፍል አልሞቅ ሲል ከሰል አንድዶ ማስገባት የሚያስቡ ወገኖች አሉ። እባካችሁ ተዉት። እዚህ ቤቱ ጥብቅ ነው፣ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው እንደተኛ ይገድላል። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲኖር ያዝዛል። ባትሪውን ዛሬውኑ እዩት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ሂተር ከተጠቀማችሁም በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ሰኩት። በማራዘሚያ ገመድ በፍጹም! ከመጋረጃና ከብርድ ልብስም አንድ ሜትር ይራቅ።

አፓርታማ የምትከራዩ ዳክት መንካት አትችሉም። መብታችሁን ግን እወቁ። ማሞቂያውን የምትቆጣጠሩት እናንተ ካልሆናችሁ፣ በሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 አከራዩ ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት ማድረስ አለበት። ቴርሞሜትር አስቀምጡ፣ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ፎቶ አንሱ፣ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ።

አሁን የእማዬ ክፍል 67 ወይም 68 ላይ ይውላል። የልጆቹ ወደ 71 ወርዷል። በጣም ሲበርድ የእሷ ወደ 65 ይወርዳል፣ ያኔ የቴርሞስታቱን ፋን ከ«አውቶ» ወደ «ኦን» እቀይረዋለሁ። ነፋሹ ሳያቋርጥ ሲሠራ የቤቱ አየር ይደባለቃል፣ ልዩነቱም ይጠባል። መብራት ትንሽ ይበላል እንጂ ጥሩ ነው። ዳምፐሮቹ አጠገብ ደግሞ የብርድ ወራቱንና የበጋውን ቦታ በማርከር ጽፌያለሁ። በሙቀት ወራት ቀዝቃዛ አየር በብዛት የሚያስፈልገው ላይኛው ፎቅ ስለሆነ የልጆቹንም እጀታ መልሼ እከፍተዋለሁ።