ማን ልበል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሊተላለፍ አሥራ አንድ ቀን የቀረው አንድ ተከታታይ ድራማ አለ። የፈረምኩት የምሥጢር ጥበቃ ውል ርዕሱን እንኳ ስለሚጨምር ስሙን አልጠራውም፤ የአንድ ተከታታይ ገዳይ ታሪክ መሆኑን ግን ማስታወቂያው ራሱ ነግሮ ጨርሶታል። ማስታወቂያው ጓንት ካጠለቀ እጅ በቀር የሚያሳየው የለም። ተመልካቹ የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነ እየገመተ ይጠብቃል። የግርጌ ጽሑፉን የተረጎምኩት እኔም እጠብቃለሁ፤ እኔ የምጠብቀው ግን ከስም ያነሰ ነገር ነው፤ አንዲት ፊደል።

ሥራው ከመጀመሪያውም በቃላት ጣጣ የተሞላ ነበር። «ተከታታይ» የምንለው ቃል ለገዳዩም፣ ለድራማውም፣ ድራማውን ለሚከታተለውም ሰው ያገለግላል፤ የማስተዋወቂያ ክፍላችን ያዘጋጀው የመጀመሪያ ረቂቅ «ውድ ተከታታዮቻችን» ብሎ ጀምሮ በሚቀጥለው መስመር «ተከታታዩ ገዳይ» ላይ ሲደርስ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ዋና አራሚያችን በቀይ «ተመልካቹን በነፍስ ግድያ አትክሰሱት» ብለው ጽፈው መለሱት። በአጋጣሚ ግን ዝምድናው ከቃሉ መነሻ ጀምሮ ያለ ነው። ስያሜውን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ውስጥ እንዳስለመደ የሚነገርለት ሮበርት ሬስለር፣ በልጅነቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ያያቸው የነበሩት፣ ልብ አንጠልጥለው የሚቋረጡ ተከታታይ ፊልሞች ቃሉን ሲመርጥ በአእምሮው እንደነበሩ ጽፏል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከስምንቱ ክፍሎች የደረሱን ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ምስሉ ደብዝዞ፣ የድርጅታችን ስም በመሐሉ ታትሞበት፣ አንዳንዱ ትዕይንት ከተናጋሪው ከንፈር በቀር ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ክፍል ሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ መርማሪዋ ሦስተኛው አስከሬን አጠገብ ቆማ ሳለ ስልኳ ይጮኻል። በማሽን የተለወጠ፣ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ ድምፅ ያናግራታል። ድምፁ የሚናገረውን መተርጎም ቀላል ነበር፤ አማርኛ ስለ ራሱ ለሚናገር ሰው ደግ ነው፤ «የገደልኳቸው እኔ ነኝ» ያለ ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል፣ ሴትም። ጣጣው የመጣው መርማሪዋ መልስ መስጠት ስትጀምር ነው። በእንግሊዝኛው ለወንዱም ለሴቷም የምትጠቀመው አንድ ቃል ነው። እኔ ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት አለብኝ፤ ተውላጠ ስሙን ብሸሸው እንኳ ግሡ ያጋልጠኛል፤ «ትፈልጋለህ» እና «ትፈልጊያለሽ» መካከል መቆሚያ የለም።

በጥያቄ መላኪያው ሰንጠረዥ ላይ «ገዳዩ ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብዬ ለአሠሪዎቹ ጻፍኩ። በማግሥቱ የመጣው መልስ፣ ለታሪኩ ደኅንነት ሲባል ይህን መግለጽ እንደማይቻልና አሻሚነቱ በትርጉሙም እንዲጠበቅ የሚያሳስብ ነበር። ምላሹን የጻፈው ሰው ግሥ የሚባል ነገር ገጥሞት እንደማያውቅ ገባኝ።

የመጀመሪያ ረቂቄን በ«አንተ» ሠራሁ። ምክንያቴም አጭር ነበር፤ መርማሪዋ የምታናግረውን ሰው ማንነት አታውቅም፤ በተከታታይ ግድያ የተያዙት አብዛኞቹ ወንዶች ስለሆኑ ማንም ፖሊስ ወንድ ነው ብሎ ይነሣል፤ በኋላ ሴት ሆና ብትገኝ የተሳሳተችው መርማሪዋ እንጂ ተርጓሚው አይደለም።

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ረቂቁን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም ስለ አይሊን ዎርኖስ ጠየቁኝ። በፍሎሪዳ በ1989 እና 1990 (እ.ኤ.አ.) ሰባት ወንዶችን የገደለች፣ በ2002 በሞት የተቀጣች ሴት መሆኗን አውቅ ነበርና ተናገርኩ። «እንግዲያው ሴት አትገድልም ተብሎ አይነሣም» አሉ። ቀጥለውም በእንግሊዝ አገር ዮርክሻየር የሆነውን አነሡ። በ1979 ለፖሊስ የተላከ አንድ የተቀዳ ድምፅ ነበር፤ መርማሪዎቹ የገዳዩ ነው ብለው አምነው በአነጋገሩ ዘዬ የተነሣ የሌላ አካባቢ ሰው ሲፈልጉ፣ አሥራ ሦስት ሴቶችን በመግደል የተፈረደበት ፒተር ሳትክሊፍ እስከ 1981 መጀመሪያ ድረስ አልተያዘም፤ ከቅጂው በኋላም ሦስት ሴቶች ተገድለዋል። የድምፁ ባለቤት ተራ አታላይ ነበር፤ እሱም የተፈረደበት በ2006 ነው። «በስልክ የሰሙትን ድምፅ አምኖ መፍረድ የሚያመጣውን እዩ» አሉ ጋሼ። የስልክ ንግግርን ለመተርጎም ይህን ያህል ደም መጠቀስ እንዳልነበረበት አሁንም አምናለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አፌን አስያዙኝ።

«ታዲያ ምን ይባል?» አልኩ።

«አንቱ ነዋ።»

«ለገዳይ?»

«ለማይታወቅ ሰው። ያላወቁትን ሰው አንቱ ማለት ወግ ነው። መግደሉ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ጋሼ፣ አስከሬን እግሯ ሥር ተዘርግቶ ‘ምን ይፈልጋሉ?’ ትበል? የባንክ መስኮት አደረጓት እኮ።»

«ጨዋ ፖሊስ አትኖርም ማለት ነው?»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን እልህ ያዘኝና «አንተ»ም «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ሳይገቡበት እሠራዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሁለት መስመር፣ በየመስመሩ ከአርባ ሁለት ፊደል ሳያልፍ፣ ከሰባት ሰከንድ በላይ ማያው ላይ ሳይቆይ የሚል መመሪያ እያለ፣ ስድሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጾታ አልባ አደረግኩ። «ምን ትፈልጋለህ?» የነበረው «ፍላጎቱ ምንድን ነው?» ሆነ፤ በአማርኛ «ፍላጎቱ» ማለት የእሱም ሊሆን ይችላል፣ ያ የተባለው ፍላጎት ብቻም ሊሆን ይችላል፤ ይህችን መውጫ ያገኘሁ ዕለት ከወንበሬ ተነሥቼ ዞርኩ። «የት ነህ?» የነበረው «የሚደወለው ከየት ነው?» ሆነ። «አገኝሃለሁ» የነበረው «ተፈልጎ የማይገኝ የለም» ሆነ። ከሁሉ በላይ የኮራሁበት ግን የመጀመሪያው ነበር። መርማሪዋ ስልኩን አንሥታ እየተንቀጠቀጠች «ማን ነህ?» ማለት ሲገባት፣ «ማን ልበል?» አስባልኳት። የሰው ሁሉ የስልክ አማርኛ ነው፤ ጾታም የለበትም። የጸሐፊ ቢሮ አነጋገር መምሰሉን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ሙሉ በራሱ ሥራ ውስጥ ተዘግቶ የቆየ ሰው የማይወደው ነገር የለም።

የጽሑፉን መግቢያና መውጫ ሰዓት ከድምፁ ጋር የምታገጣጥመው ወጣት ባለሙያ ትዕይንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሦስተኛው ቀን ነው። ጋሼም እኔም ከኋላዋ ቆመናል። ስለ ክርክራችን የሰማችው ነገር አልነበረም። ስልኩ ጮኸ፤ «ማን ልበል?» አለ ጽሑፉ። ፈገግ አለች። ከአራት ዓረፍተ ነገር በኋላ ቆም አደረገችውና ዞር ብላ፣

«ሴት ናት አይደል?» አለች።

«ማን?»

«ገዳይዋ።»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ማያው አየሁ። ከምን እንዳወቀችው ስንጠይቃት የጠየቅናት ነገር ቅሌት መሆኑን ለመሸፈን ያህል ትንሽ ሳል አልኩ።

«ወንድ ቢሆንማ ‘አንተ’ ብላ ታወርድበት አልነበር? ይህን ያህል የተጨነቃችሁት የምትደብቁት ስላላችሁ ነው። በአማርኛ ወንድ አይደበቅም፤ ወንድን ማን ይደብቃል?»

መልስ አልነበረንም፤ እኔ በበኩሌ አሁንም የለኝም። አሻሚነትን ለመጠበቅ ብዬ ከስድሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የነቀልኳቸው ምልክቶች፣ መነቀላቸው ብቻውን ምልክት ሆኖ ነበር። የባሰው ደግሞ እኔ ራሴ የማላውቀውን ምሥጢር ማጋለጤ ነው። ገዳዩ ወንድ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሁሉ እስከ ሰባተኛው ክፍል ድረስ ሴት ሲጠብቅ ይከርም ነበር።

ጉዳዩ ለአስተባባሪያችን ተነገረ፤ አስተባባሪያችንም በስልክ አጭር መልእክት ወሰነው፤ «አንተ ይሁን። ስህተት ከሆነ የፖሊሷ ነው።» ይህ ቃል በቃል የእኔ የመጀመሪያ ቀን ክርክር መሆኑን የሚያውቅ፣ ቢሮው ውስጥ ከጋሼና ከእኔ በቀር አልነበረም፤ ጋሼም ዝም አሉ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከፋይሉ ውስጥ ፈልጌ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ፣ «ቀላሉን መፍትሔ አለማወሳሰብ» በሚል ርዕስ የትምህርት ማስታወሻ ተነበበ። የምስጋናው ድርሻ ለአስተባባሪው ነበር። እኔ በምሳሌነት ተጠቅሻለሁ፤ ያወሳሰበው ወገን ተብዬ።

እውነቱን ለመናገር «አንተ»ን ከልቤ የተቀበልኩት ውሳኔው ከተሰጠ ከቀናት በኋላ ነው፤ ያስቀበለኝም አንድ ሐሳብ ነው። መርማሪዋ በስድስት ክፍሎች ሁሉ «አንተ» እያለች መጥታ፣ በመጨረሻ ጭምብሉ ሲወልቅ ፊት ለፊቷ የቆመችው ሴት ብትሆን፣ በእንግሊዝኛው ያው የለመደው ቃል ይደገማል፤ የሚለወጠው የተዋናይቱ ፊት ብቻ ነው። በአማርኛ ግን «አንቺ ነሽ?» ትላለች። ከ«ተ» ወደ «ቺ»፣ ከ«ህ» ወደ «ሽ»፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ የተገነባ ስህተት በሁለት ፊደል ይፈርሳል፤ ደራሲዎቹ ያልጻፉት፣ አማርኛ በነጻ የጨመረላቸው መብረቅ ይሆናል። ያን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስል፣ ገዳዩ ሴት እንዲሆን የምመኝ ሰው ሆኛለሁ። ወዳጆቼ ግን የማላውቀውን ምሥጢር ንፉግ ሆኜ የያዝኩ እየመሰላቸው በየቀኑ ይወተውቱኛል፤ «ፍንጭ ብቻ» ይላሉ። አላውቅም ስላቸው ፈገግታዬን ይመረምራሉ።

አንድ የማልወደው ነገርም ይታየኛል። ጭምብሉ ሲወልቅ ሁለት ሰዎች ሆነው ቢገኙስ? ድምፁን በማሽን የለወጡት አንድ ወንድና አንዲት ሴት በየተራ ሲደውሉ ከነበረ? ያን ጊዜ «ምን ይፈልጋሉ?» የሚለው የጋሼ አማርኛ ብቻውን ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ «ይፈልጋሉ» ለተከበረ አንድ ሰውም፣ ለሁለት ነፍሰ ገዳዮችም እኩል ያገለግላልና። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ሳይደርሱበት ግን አይቀሩም፤ ሰሞኑን የሚያደርጉትን ሳይ እንዲያ ይመስለኛል።

ጋሼ በሃያ ዓመት ይበልጡኛል፤ ስቱዲዮው ውስጥ አንቱ ያሉት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ሁላችንንም «እናንተ ልጆች» ነበር የሚሉን። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ግን በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር ኮፍያቸውን ያነሣሉና «እንደምን አደሩ?» ይሉኛል። ትናንት መረረኝና፣ እስከ መቼ እንደሚዘልቁበት ጠየቅኳቸው።

«ማንነትዎ እስኪረጋገጥ ነው» አሉኝ። «ሰባተኛው ክፍል ይድረስልን።»