ማሳዬን ያራብኩት እኔ ነበርኩ

ያን ቀን ፀሐዩ ከረር ያለ ነበር። መርጫውን አዝዬ፣ ያለ ጓንት፣ አትክልቴ ላይ ኬሚካል እረጫለሁ። የመርጫው ክዳን በደንብ አልተገጠመም ነበርና ፈሳሹ ጀርባዬን አራሰው። ላብ መስሎኝ ቀጠልኩ። ብዙም ሳይቆይ ራሴን ወጋኝ፣ ምራቄ አልቆም አለ፣ ዓይኔ ደበዘዘብኝ። ሐኪሙ የዓይኔን ብሌን ሲያይ የመርፌ ጫፍ አክሎ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝም "ምን ስትረጭ ነበር?" ብሎ ነው።

ልብሴን አስወልቀው በሳሙና አጠቡኝ፣ የመርዙን ጉዳት የሚገታ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ወጉኝ። የረጨሁት ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት የተባይ ማጥፊያዎች ወገን ነበር። ይህ ኬሚካል ነፍሳትን የሚገድለው ነርቫቸውን በማወክ ነው። ነርቭ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ እንዲያርፍ የሚያደርግ ኢንዛይም አለ፤ ኬሚካሉ እሱን ያግደዋል። ያው ኢንዛይም እኛም ውስጥ አለ። ለመመረዝ ደግሞ መጠጣት አያስፈልግም፤ በቆዳም ይገባል።

ተኝቼ ሳገግም አንድ ነገር አእምሮዬን ያዘው። ለምንድነው ይህን ያህል የምረጨው? መጀመሪያ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ ይበቃኝ ነበር። በኋላ በየሳምንቱ ሆነ። ሁሌ የሚያስቸግረኝ ክሽክሽ ነው፤ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ። ለካ የምጋብዘው ራሴ ነኝ! ናይትሮጂን የሚሰጠው ዩሪያ ማዳበሪያ ሲበዛ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ጭማቂውም ለክሽክሽ ይመቻል፣ ተባዩም ቶሎ ይባዛል። እኔ ግን ያንን ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አፈሬን አስመረመርኩ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 4.9፤ አፈሬ በጣም አሲዳማ ሆኗል ማለት ነው። ፎስፈረስ የተትረፈረፈ፣ ዚንክ በጣም ያነሰ። ዩሪያና ዳፕ (ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ) አፈርን ቀስ በቀስ አሲዳማ ያደርጋሉ። ፎስፈረስ ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ዚንክ እንዳይወስድ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ምርት ዚንኩን፣ ማግኒዚየሙን፣ ድኙን ይዞ ይወጣል። እኔ የምመልሰው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ብቻ ነበር፤ ያውም በዓመት በዓመቱ እየጨመርኩ።

ይህ የማሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዚንክ ያጣ ልጅ እድገቱ ይቀጭጫል፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙም ይዳከማል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሴሌኒየም የሚባለው፣ ሰውነታችን በጥቂቱ የሚፈልገው ማዕድን ነው። ዚንክ ሲጎድል ቢያንስ ቅጠሉ ይናገራል። ሴሌኒየም ግን ለእኛ እንጂ ለተክሉ እድገት አያስፈልግም። ስለዚህ ሰብሉ አምሮ፣ ምርቱ ሞልቶ፣ በሚበላው ሰው ላይ ጉድለቱ ሊታይ ይችላል። ፊንላንድ አፈሯ ሴሌኒየም ስለሚያንሰው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ማዳበሪያ ውስጥ እንዲጨመር አደረገች። የሰዉ ደም ውስጥ ያለው መጠንም ከፍ አለ። ከአፈር እስከ ደም ያለው መንገድ ይህን ያህል አጭር ነው።

ወደ ሥራው ስገባም ተሳስቻለሁ። ኖራ ለአሲዳማ አፈር ጥሩ ነው ሲባል አንዱ መደብ ላይ ከታዘዘው በላይ በተንኩ። አሲዱ ሲቀንስ ዚንኩም በአፈሩ ተይዞ ቀረ፣ ለጋ ቅጠሎቹ በጅማቶቻቸው መካከል ቢጫ ሆኑ። ኮምፖስትም ብቻውን አልበቃም። የሠራሁት ከዚያው ማሳ ተረፈ ምርት ነበር፤ አፈሩ ያጣውን ዚንክ ኮምፖስቱ ከየት ያመጣዋል? ያም ሆኖ አፈሩን አለስልሶ ውኃ እንዲይዝ አደረገልኝ። ዚንክ ሰልፌት ጨመርኩ፣ ዳፕ ተውኩ፣ ዩሪያውን ቀንሼ ከፋፍዬ መስጠት ጀመርኩ፣ ከጥራጥሬ ጋር አፈራረቅኩ። ክሽክሹ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ክሽክሹን የሚበሉት ነፍሳት ተመልሰዋል።

አሁን የምረጨው ቅጠል ገልጬ ተባዩን ቆጥሬ፣ የግድ ሲሆን ብቻ ነው። ጓንትና ረጅም ልብስ አደርጋለሁ፣ ነፋስ ካለ አልጀምርም። የርጭት ልብሴ ከልጆቼ ልብስ ጋር አይታጠብም።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ዛሬ ረጭቼ ነገ እሰበስብ ነበር። "ታጥቦ አይደል የሚበላው" እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። አንዳንዱ ኬሚካል ግን ተክሉ ውስጥ ስለሚሰርግ በውኃ አይለቅም። መለያው ላይ ከርጭት እስከ መሰብሰብ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብኝ ተጽፏል፤ አንብቤው አላውቅም ነበር። አሁን ማሳው ጫፍ ላይ ሰሌዳ አቁሜያለሁ። የተረጨበትና የሚሰበሰብበት ቀን ይጻፍበታል። ቀኑ ሳይደርስ ገዢ ከመጣ ሰሌዳውን አሳየዋለሁ።