መንገድ ተሻግሬ ያለፍኩባቸው ቀናት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ሜትር ከአንገቴ አይወርድም። የስንቱን ሰው ወገብ ለክቼ እንዳሰፈርኩ ደብተሬ ነው የሚያውቀው። የራሴን ወገብ ግን እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም ነበር።

ሌላው ሰው ሲወፍር መጀመሪያ የሚነግረው ሱሪው ነው። አልቆለፍ ይለዋል። የእኔ ሱሪ ግን ሎሌዬ ነው። ጠበበኝ ስል፣ ማታ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የኋላውን ስፌት እተረትርና ከትርፉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር እለቅለታለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ለብሼው እወጣለሁ።

በጥቅምት 2014 ራስ ምታት አልለቅ ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ 150 በ95። ቁመቴ 1 ሜትር ከ71፣ ክብደቴ 94 ኪሎ። ኪሎውን ለቁመቴ አንዴ ካካፈልኩ በኋላ ውጤቱን እንደገና ለቁመቴ ሳካፍለው 32 መጣ። ከ30 ጀምሮ ያለው ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው የሚባለው። ነርሷ አልተቆጣችኝም። «ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ብትቀንስ ራሱ ለግፊትህ ትልቅ ነገር ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከክብደት ላይ ከመቶ አምስት እስከ አሥር መቀነስ ብቻውን ግፊትንም ስኳርንም ያሻሽላል። እኔ ግን አምስት ኪሎ አነሰብኝ። ሃያውን በአንዴ ፈለግኩ።

አሁን ያለሁት አራተኛው ሙከራዬ ላይ ነው። ስለ ሦስቱ ባጭሩ ላውራና ወደ ዋናው ነገር እንሂድ።

የመጀመሪያው የ2014 ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለ። ይህ ያላቀጠነኝ ምን ያቀጥነኛል አልኩ። አራት ኪሎ ቀነስኩ። ፋሲካ መጣ። ከዶሮውና ከጠላው ጋር ሁለት ሳምንት ያህል ተዋደድን። ከዚያ «ዓመት በዓሉ ሙሉ ለሙሉ ይለፍና»፣ «ክረምቱ ይውጣና» እያልኩ መስከረም ጠባ። አራቱ ኪሎ ሁለት ወዳጅ አስከትሎ ተመልሷል።

ሁለተኛው በጥር 2015 ተጀመረ። አንድ መምህር ጓደኛዬ «ና እንሂድ» አለኝና ማለዳ መራመድ ያዝን። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተነስተን ወደ ጨሞጋ ወንዝ አቅጣጫ። ማርቆስን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ የጥር ንጋት ጆሮ ይቆርጣል። ቢሆንም ሄድን። እስከ ሐምሌ ሰባት ኪሎ ወረደ። ነሐሴ ላይ ሰዓት እላፊ ታወጀ። በሌሊት መውጣት ቀረ፣ ምሽትም ቤት ሆነ። እግር ታሰረ፤ አፍ ግን አልታሰረም። ማታ ማታ ቆሎና ዳቦ ይዞ መቀመጥ ብቻ ሆነ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ ሰዓት እላፊው ለቀኑ አልነበረም። በምሳ ሰዓት ሱቄን ዘግቼ ብራመድ ማን ከለከለኝ? ሰበብ አገኘሁ፣ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

ሦስተኛው ያሳፍራል። በግንቦት 2016 አንድ ደንበኛዬ ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ ጠጥቶ እራት መተው ስብ ያቃጥላል አለኝ። ሎሚ ስብ አያቃጥልም። እኔ ግን በሁለት ሳምንት አምስት ኪሎ ስቀንስ ሎሚውን ልስመው ምንም አልቀረኝም። አሁን ሲገባኝ፣ ሰው ድንገት ሲራብ መጀመሪያ የሚያልቀው በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ነው። እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ሚዛኑ የሚያየው ያንን ነው። እህል ሲቀመስ በሁለት ቀን ይመለሳል።

በ16ኛው ቀን የሙሽራ ኮት ስቆርጥ ነበር። ለሁለተኛው እጅጌ ንድፉን መገልበጥ አለብህ፤ ይህንን ለማጅ ልጅ እንኳን ያውቀዋል። ሆዴ ጮኸ፣ ዓይኔ ፈዘዘ፣ ሳልገለብጠው ቆረጥኩት። ኮቱ ሁለት የግራ እጅጌ ይዞ ቁጭ አለ። ሠርጉ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ጨርቁን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። ያን ማታ የበላሁትን አልናገርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ከሱቄ ወደ ቤት በምሄድበት መንገድ ዳር የሰው ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። በአምስት ብር ትመዘናለህ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ይህ ክፉ አመሉ ነው። ሲቀናኝ በየሳምንቱ እመዘን ነበር። ከኮቱ ማታ በኋላ ግን ገና ከሩቅ ሳየው አስፋልቱን ተሻግሬ በማዶ ማለፍ ጀመርኩ። «ጋሼ ሚዛን!» ይለኛል። ስልክ እንደማወራ ሆኜ እሄዳለሁ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሳለ የጠራበትም ቀን ነበር።

በጥቅምት 2017 አንድ ቀን ድንገተኛ ዝናብ ጣለ። ሮጬ የተጠለልኩት ከሱ ጋር አንድ ቆርቆሮ ሥር ሆነ። ሚዛኑን በፌስታል ሸፍኖ ቆሟል። ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ሳያየኝ «ጋሼ፣ ለምን እንደምትሻገር አውቃለሁ» አለኝ። «ለምንድነው?» አልኩት። «ሁሉም ሲወፍር ይሻገራል።»

ሳቄ መጣ። ፌስታሉን አስነስቼ ወጣሁበት። 97። ከመጀመሪያው ቀን በሦስት ኪሎ እበልጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን ቀስ ብሎ ነገረኝ።

ያን ማታ ደብተሬን ገልጬ ሒሳብ ሠራሁ። ከ2014 ፋሲካ በኋላ እንደገና እስክጀምር ስምንት ወር ከምናምን አለፈ። ከሰዓት እላፊው በኋላ ዘጠኝ ወር። ከኮቱ በኋላ አምስት ወር። ያወፈረኝ የፋሲካ ሁለት ሳምንት አይደለም። ዘጭ ያልኩበት ቀንም አይደለም። ከዚያ በኋላ በማዶ ያለፍኩባቸው ወራት ናቸው። ሁልጊዜ «እንዴት አልወድቅም» ስል ነው የኖርኩት። ሰርግ፣ ልቅሶና ዓመት በዓል ባለበት አገር አልወድቅም ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። ኪሎ፣ ወገብ፣ ቀጥሎ «የተሻገርኩባቸው ቀናት»። የመጨረሻውን ማሳጠር ብቻ ሥራዬ እንዲሆን ወሰንኩ።

ምግቡን ብዙም አልቀየርኩም። ሁለት ነገር ነው የነካሁት። ሻይ አንዱ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሻይ ይታዘዛል፤ በቀን ስድስት፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር። 18 ማንኪያ፣ ከ70 ግራም በላይ ስኳር፣ 290 ካሎሪ ገደማ። ሻዩን አልተውኩም፤ ስኳሩን በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ወደ አንድ አወረድኩት። በአንዴ ብተወው ኖሮ ሻይ ቤቱን ራሱ እተወው ነበር፣ ያ ደግሞ አይሆንም፤ የከተማው ወሬ ያለው እዚያ ነው።

ሌላው ዘይት። ቤታችን አራት ነን። በጾም አምስት ሊትር ዘይት በ20 ቀን ያልቅብን ነበር። አምስት ሊትር 4,600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለአራት ሰው ለ20 ቀን ስታካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 57 ግራም ይመጣል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው። ከ500 በላይ ካሎሪ፣ ሽሮው ላይ ተንሳፍፎ፣ እንጀራው ጠጥቶት! ሁዳዴ ለምን እንዳሰብኩት እንዳላከሳኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ለባለቤቴ ሳሳያት «ሽሮ ያለ ዘይት የበሽተኛ ነው» አለች። ተከራከርን። በመጨረሻ ከጀሪካኑ መገልበጥ ቀርቶ በሾርባ ማንኪያ መለካት ላይ ተስማማን። አሁን አምስት ሊትር ወር ይሞላል። ይህን ያህሉ የኔ ድል አይደለም፤ የዘይት ዋጋም አግዞኛል።

መብራት ሲጠፋ መኪናውን በእግር ነው የምረግጠው። ይህ እንደ ስፖርት ቢቆጠርልኝ ኖሮ ማርቆስ ውስጥ ድሮ በቀጠንኩ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት 30 ደቂቃ እራመዳለሁ። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 150 ደቂቃ ይሞላል፤ የጤና ባለሙያዎች ቢያንስ የሚሉትም እሱን ነው።

አሁን መሻገሮቹን ላውጋችሁ። ገና አለፈ፣ ጥር የሰርግ ወር ገባ። ለሙሽሮች የሰፋሁ ሁሉ ይጠራኛል፤ መቅረት ነውር ነው። ከሰው ትሪ ላይ እየበሉ መመጠን ደግሞ አይታሰብም። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያሉ ሁለተኛውን ያስከትላሉ። 19 ቀን ተሻገርኩ። ከወራት ወደ 19 ቀን! ደብተሩ ላይ ስጽፈው ያለ ኀፍረት ደስ አለኝ።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ማክሰኞ፣ እግሬ ወደ ማዶ ሊሄድ ሲል ያዝኩትና ሚዛኑ ላይ ቆምኩ። 2.4 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ድሮ ቢሆን «አበቃ» ነበር የምለው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በሁለት ቀን 2.4 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነቴ ከሚያስፈልገው ሌላ ከ18 ሺህ ካሎሪ በላይ መብላት አለብኝ። ዶሮውን ከነድስቱ ብውጠው አይሞላም። የጨመረው ጨው የያዘው ውሃና ገና ከሆዴ ያልወጣው ምግብ ነው። እንደ ወትሮዬ በላሁ፣ ተራመድኩ። በስድስተኛው ቀን ሁለት ኪሎው የለም። የተሻገርኩት ዜሮ ቀን።

ሰኔ ላይ አጎቴ ሞተው ቢቸና ወረድኩ። ስምንት ቀን ልቅሶ ቤት ተቀመጥኩ። ጎረቤት በየሰዓቱ እንጀራ ያመጣል፣ አረቄው አለ፣ ኀዘኑም አለ። እዚያ ስለ ኪሎ አላሰብኩም፤ ማሰብም አልነበረብኝም። ተመልሼ ሦስት ቀን በማዶ አለፍኩ። በአራተኛው ቀን ልጁ ከማዶ «ጋሼ፣ ነፍስ ይማር!» አለኝ። ከየት ሰማ? ተሻግሬ ሄድኩ፣ ተመዘንኩ። አምስት ብሩን አልቀበልም አለ።

አንድ ነገር ግን ይከብዳል፤ የእኔ ብቻ ችግር መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር ሰው ሲወፍር «አማረብህ፣ ተመቸህ» ይባላል። ሲቀንስ «ምነው? አሞሃል እንዴ?» ነው። እናቴ ከገጠር መጥታ ባየችኝ ቀን ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ማነው ልጄን እንዲህ ያመነመነብኝ?» አለች፣ ባለቤቴን እያየች። ባለቤቴ ሳትናገር ወደ ጓዳ ገባችና ቅቤ አምጥታ ሽሮው ላይ ጣለችበት። በላሁት። ምን አደርጋለሁ?

ሰውነታችንም ከእናቴ ጋር ነው። ክብደት ሲቀንስ፣ የጥጋብ ምልክት የሚልከው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፤ የረሃቡ ግሬሊን ይወጣል። ከቀነሱ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይቆያል። ይህንን ሳላውቅ ራሴን «ሆዳም» እያልኩ ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ።

ዛሬ ሐምሌ ነው። 88 ኪሎ። ወገቤ በጥቅምት 111 ነበር፣ አሁን 101። ባለፈው ሲለካ ግፊቴ 132 በ84 ሆኗል። ከግንቦት ወዲህ ኪሎው ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ሜትሩ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ሚዛኑ ሲያኮርፍ ሜትሩን ጠይቁት እላለሁ፣ የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ሱሪ አጠበብኩት። የኋላውን ስፌት ስተረትር ውስጡ ላይ የድሮ መርፌ ቀዳዳዎች በረድፍ በረድፍ ይታያሉ። አንዱ የ2014 ነው፣ አንዱ የ2015። እያንዳንዱ ረድፍ ሱሪውን ስለቅ ሳጠብ የቆየሁበት ነው። አዲሱ ስፌት ከሁሉም ወደ ውስጥ ገብቶ ተሰፋ። ከሱ ውጭ አራት ጣት ጨርቅ ተረፈ። ረዳቴ መቀሱን አነሳና «ትርፉን ልቁረጠው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። አጥፌ ከውስጥ ሰፋሁበት።