ቦስተን ማራቶን ልታዩ ስትሄዱ ቦርሳ እንዳትይዙ፣ እኔ ከእናቴ የተለያየሁት በሱ ነው

አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያ ቀን እንደዛ አይሆንም ነበር፣ ለዛ ነው የምጽፈው። ሰኞ ኤፕሪል 20፣ 2015 ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፣ ሯጩ ሌሊሳ ዴሲሳ ይሮጣል ስላት "ያ ሜዳሊያውን የሰጠው ልጅ?" አለች። አዎ እሱ። 2013 ላይ እዚሁ ቦስተን አሸንፎ ከገባ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ መጨረሻው መስመር አጠገብ ሁለት ቦምብ ፈንድቶ 3 ሰው ሞተ፣ ከ260 በላይ ቆሰለ፣ እሱም ሰኔ ላይ ተመልሶ ሜዳሊያውን ለቦስተን ሕዝብ ብሎ ለከንቲባው አስረከበ። እና እሱን መጨረሻው ላይ ቆመን ካላየን ብለን ተነሳን።

መሄዱ ቀላል ነው፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ ያለው ኮፕሊ የባቡር ጣቢያ በዛ ቀን ዝግ ስለሆነ ቀጥሎ ያለው አርሊንግተን ወርዶ በእግር ነው።

ጉዱ ፍተሻው ጋ ነው። ቀድሞ የተነገረው "ቦርሳ ባትይዙ ይመረጣል" የሚል ነበር። ይመረጣል ማለት ደግሞ ለኔ ክልክል ነው ማለት አይደለም፣ የእናቴ የስኳር መድኃኒት አለ፣ ብርድና ካፊያ ስለነበር ቡና በፔርሙዝ ይዣለሁ፣ ዳቦ ቆሎ አለ፣ ባንዲራው አለ፣ ስልኳንም ኪሷ ይረጥባል ብዬ እዛው ከትቼዋለሁ። ሁሉም አንድ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ። መጨረሻው መስመር ያለበት ቦይልስተን መንገድ መግቢያው ላይ አንዷ ፖሊስ እናቴን ፈትሻ አሳለፈቻት፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ሰውየው ቦርሳውን እንዳየ እጁን ዘረጋና በዚህ አታልፍም አለኝ። መድኃኒት ነው ስለው መድኃኒቱን አውጥተህ ግባ አለ። ቦርሳውንስ የት ላድርገው? የማስቀመጫ ቦታ የለንም አለ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ ስልኳ እኔ ጋ ነው፣ ልስጣት ብለው አጥሩ ጋ አትቅረብ አለኝ። ከኋላ ሰው እየገፋ፣ እሷም ወደ ውስጥ እየተገፋች፣ "እዛው ቁሚ!" ብዬ ጮህኩ፣ ትስማኝ አትስማኝ እንጃ።

ፍተሻው ልክ አይደለም እያልኩ አይደለም። የ2013ቱ ቦምብ እኮ በፕሬዠር ኩከር (በእንፋሎት ማብሰያ ድስት) ተሠርቶ በጀርባ ቦርሳ ነው የገባው፣ እና የኔ ፔርሙዝ ለዛ ፖሊስ ምን እንደሚመስል ይገባኛል። የማልቀበለው ክልክል የሆነን ነገር "ይመረጣል" ብሎ መናገርን ነው። አንዲት እናት ብቻዋን አጥር ውስጥ ስትቀር ደግሞ የሚያናግር ሰው መጥፋቱን። እስካሁን ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ፣ ስልኳን ከሷ መለየት አልነበረብኝም።

እየሮጥኩ ሁለት ብሎክ ወጣ ብዬ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋ የሚሠራ ያገሬን ልጅ አገኘሁ። ቦርሳውን እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት። "ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዛሬ ሳላየው አልቀበልም" አለኝና ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣ፣ ፔርሙዙን ከፍቶ አሸተተው፣ የዳቦ ቆሎውን ላስቲክ በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዛ ወንበሩ ስር አስቀመጠልኝ። ቅር አላለኝም።

መድኃኒቱንና ስልኳን ይዤ ስመለስ ሰልፉ እጥፍ ሆኗል። እዛው ቆሜ ጩኸቱን ሰማሁ። በሴቶቹ ማሬ ዲባባ በ4 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ወጣች፣ ትንሽ ቆይቶ ሌሊሳ በ2:09:17 አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛም የማነ ፀጋዬ፣ እኔ ይሄን ሁሉ በስልክ ነው ያነበብኩት።

እናቴን ሳገኛት አንዲት አሮጊት ፈረንጅ የላስቲክ ዝናብ ልብሷን አልብሳታለች፣ እናቴ አጥሩን ይዛ ቆማለች። "ከፊቴ ነው ያለፈው!" አለች፣ ባንዲራው እኔ ጋ ስለቀረ ነጠላዋን ከካፖርቱ ስር አውጥታ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ጥለት አውለብልባለታለች። ነጠላው ረጥቦ እጇ ላይ ተጠምጥሟል፣ ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል። ደስታዋ ሌላ ነበር፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

የኔ ምክር፣ የፈለጉትን ይበሏችሁ ቦርሳ ጭራሽ አትያዙ፣ መድኃኒት ካለ ውስጧን በምታሳይ ትንሽ ላስቲክ በራሱ በባለቤቱ ኪስ፣ ስልክም እንደዛው። ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ከያዛችሁ እናንተ ቀድማችሁ ተፈተሹ፣ እነሱ ከኋላ ይከተሉ፣ አንዱ ቢመለስ ሁላችሁም ተመለሱ። ቀድማችሁ ኑና መጨረሻው መስመር ላይ ቁሙ የሚለውን ደግሞ እኔ አልመክርም። ሩጫው ከመጨረሻው በፊት የሚያልፍበት ብሩክላይን ኩሊጅ ኮርነር ሂዱ፣ ፖሊስ እዛም አለ ግን መተንፈሻ አለ። በ2016 እዛ ነው የቆምኩት፣ ኪሴ ውስጥ ስልክና ቁልፍ ብቻ። ለሚ ብርሃኑ አንደኛ፣ ሌሊሳ ሁለተኛ፣ የማነ ሦስተኛ፣ ከሴቶችም አፀደ ባይሳ አንደኛ የወጡበት ዓመት ነው፣ ሁሉንም በቅርብ አየኋቸው፣ ስማቸውን እየጠራሁ።